የደብሬ ተራ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ፣ በየዓመቱ ጉልበቴን አጥፌ «ዋሽቻለሁ አባ» ስላቸው፣ ምን ብዬ እንደዋሸሁ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ፣ ወገቤን አመመኝ፤ ነገሩ ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ልታጽናኑኝ ግን አትሞክሩ፤ መጽናናት ሰልችቶኛል።

ቢቸና ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ወር በገባ በሃያ አንደኛው ቀን የምንጠጣት የማርያም ማኅበር አለችን። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ እያንዳንዳችን በዓመት አንድ ወር ይደርሰናል። ተረኛዋ ጽዋውን ከነመሶቡ ተረክባ ወሩን ቤቷ ታኖረዋለች፤ በቀኑ ጠላውንና ዳቦውን አሰናድታ ትደግሳለች፤ ቄሱ ቤቷን ይመርቃሉ፤ ከዚያ ጽዋው ወደ ቀጣይዋ ይሄዳል። የማኅበሩ ኃላፊ እኔ ነኝ። ተረኛዋ ማን እንደሆነች የምናገረውም እኔ ነኝ።

ደብሬ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ነበረች። ልጅ ሳለች የዓይን ማዝ ይዟት ሃያ ዓመት ሳይሞላት ጨርሶ ማየት ተሳናት። የምትኖረው ጥጥ ፈትላ ነው፤ ፈትሏን ሸማኔዎች ይሻሙበታል። እናቷ የማኅበራችን አባል ነበሩ፤ ኅዳር የእሳቸው ወር ነበር። የኅዳሩን ጠላ የምትጠምቀው ግን ደብሬ ናት። እናትየዋማ ወገባቸውን ይዘው ቁጭ ብለው «ጌሾው በዛ፣ ጌሾው አነሰ» ይሏታል እንጂ። እሳቸው ሲሞቱ ደብሬ በእናቷ ቦታ ገባች። ያስገባኋትም እኔው ነኝ። እጇን ይዤ እወስዳታለሁ፣ እጇን ይዤ እመልሳታለሁ። ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት» ይለኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ምን እደብቃችኋለሁ፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ኅዳር «ኀዘን ላይ ነሽ፣ እኔ ልያዝልሽ» አልኳት። እሺ አለች። በሁለተኛው «አንቺ መጥተሽ ጠጪ፤ ምን አደከመሽ» አልኳት። መጥታ ጠጣች። በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ፣ ሴቶቹ ሁሉ በተቀመጡበት፣ «እኔ እኮ እንግዳ አይደለሁም። የእናቴ ተራ የእኔ ነው፤ ኅዳርን እደግሳለሁ» አለች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ። አፌን ከፍቼ እልል ብያለሁ እኮ።

ሆዴ ግን እሺ አላለም። ኅዳር ጽዮን ናት፣ ትልቅ በዓል፤ ከሌላ ማኅበር የሚጠራም አለ። ጠላው ውስጥ ዝንብ ቢገኝስ? ጽዋው ከእጇ ቢወድቅስ? ሰው ምን ይለኛል? አያችሁ፣ ምን ይላታል አላልኩም፤ ምን ይለኛል ነው ያልኩት። ስንት ዓመት ጠላ የሞላ እንስራ ታቅፋ ከጓዳ ስትወጣ ያየሁ ሴትዮ፣ አንዲት ጽዋ ትጥላለች ብዬ ሰጋሁ። ደግሞስ እሷ መደገስ ከጀመረች፣ እኔ የማንን እጅ ይዤ ልታይ ነው? ይህችኛዋን ምክንያት ለራሴ ያመንኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

የጥቅምት ሃያ አንድ ማኅበር ሲያበቃ ጽዋው ለደብሬ መሰጠት ነበረበት። ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ቀርታለች። «እኔ አደርስላታለሁ፣ ጎረቤት አይደለን» ብዬ መሶቡን ተቀበልኩ። ወስጄም ጓዳዬ አስቀመጥኩት። ስትጠይቀኝ «ለዋዜማው አመጣልሻለሁ፤ አንቺ ድግስሽን አሰናጂ» አልኳት። አሰናዳች። ጌሾዋን ስትወቅጥ በአጥሩ በኩል እሰማ ነበር። ለሴቶቹ ደግሞ «ደብሬ አልቻለችም፤ ለእኔ አስተላልፋለች፤ እኔ ቤት ኑ» አልኳቸው። በዋዜማው እነግራታለሁ ብዬ ነበር። ዋዜማው ደረሰ፣ «ጠዋት ይዤው እመጣለሁ» አልኳት እንጂ አልነገርኳትም።

በበዓሉ ቀን ሴቶቹ እኔ ቤት ተሰበሰቡ። ጽዋው ሲወጣ እልል አሉ። ደብሬ ከአጥሩ ማዶ ንጹሕ ለብሳ፣ በሯን ከፍታ፣ እንግዶቿን እየጠበቀች ነው። የእያንዳንዷን ሴት እልልታ ለይታ ታውቃለች። አጥሩን እየዳበሰች መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች።

«እትየ፣ ጽዋው እዚህ ነው እንዴ? ተራው የእኔ አልነበረም?» አለች።

ሴቶቹ ወደ በሩ ዞሩ። ቄሱም ቀና አሉ። ያኔ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? ትንሽ አፍር ነበር፣ በቃ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ልጆችን «አትዋሹ» ባልኩበት አፌ፣ ፈገግ ብዬ፣ «ደብርዬ፣ ባለፈው ሳምንት ዘንድሮም ይያዙልኝ ብለሽኝ የለም? ረሳሽው እንዴ?» አልኳት።

ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራ ቆመች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኔን ታላቋን ውሸታም ትበለኝ? ሴቶቹ «ምስኪን፣ ረስታው ነው» ተባባሉና ቦታ ለቀቁላት። ዓይኗ አያይም ማለት አልበቃን ብሎ ልቧም ይረሳል አልን። አላልንም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

አላበቃም። በተከፈተው በሯ ጋኑን ያየች አንዷ «ጠላዋ ሊበላሽ ነው» አለች። ሄደው ጋኗን ተሸክመው እኔ ቤት አመጡት። ጠጣነው። ከእኔ ጠላ በጣም ይሻል ነበር፤ ዝንብም አልነበረበት። ቄሱ ሲነሡ «ቤትሽን ይባርክ፣ እጅሽን ይባርክ» ብለው እኔን መረቁኝ። የደብሬን ጠላ ጠጥተው እኔን። እኔም እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ተራዋን የሚያነሣ ጠፋ። «ትረሳለች» ተባለ፣ በቃ። ደብሬ አንድ ክረምት ታገሠችና ሞጣ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ለምን ሄደች ብሎ የጠየቀ የለም። «ወንድሟ ይሻላታል» ብለን ተቀመጥን።

ባለፈው ዓመት በቀበሌው አዳራሽ ስለ አካል ጉዳተኞች ስልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ግማሽ ቀን ሙሉ «አካታች ማኅበረሰብ» ሲል ውሎ፣ በመጨረሻ «ከመካከላችሁ ምሳሌ የሚሆን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ወደ እኔ ጠቆሙ። ተነሥቼም ተናገርኩ። እጇን ይዤ እንዴት እመራት እንደነበር አስረዳሁ። አጨበጨቡልኝ፤ ብርድ ልብስም ሸለሙኝ። ያን ብርድ ልብስ ታቅፌ ወደ ቤቴ ስመለስ በራሴ ላይ ነደድኩ። በእነሱም ላይ ነደድኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «እሷስ ምን ትላለች?» ብሎ የሚጠይቅ እንዴት ይጠፋል?

በሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ ሄድኩ። ደብሬ ከወንድሟ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ትፈትላለች። ሳሌን ሰምታ «እትየ ነዎት?» አለችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል እንዝርቷን ጥላ ያዘችኝ።

«እኔስ ይቅር ካልኩዎት ቆየሁ» አለች። «ሴቶቹ ግን እስከ ዛሬ የእመቤቴን ቀን የረሳሁ ነው የሚመስላቸው። የእናቷን ማኅበር የረሳች እየተባልኩ እኮ ነው። እሱን እኔ ይቅር ብል ምን ይረባኛል? እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

«መቼ?» አለች።

«በሚመጣው ሃያ አንድ።»

ያ ሃያ አንድ አልፏል። ከእሱ ወዲህም ሌሎች ሦስት አልፈዋል። እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ጠላዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። አንድ ጊዜማ «ስለ ደብሬ አንድ ነገር ልንገራችሁ» ብዬ ጀምሬ ነበር። አንዷ «እርስዎማ ለእሷ ያልሆኑት የለም» ስትለኝ ምስጋናዋን ዋጥ አድርጌ ተቀመጥኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋሁት እኔም አልረሳሁም፤ ግን አለመርሳቴ ለደብሬ ምን ጠቀማት?

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። በጎ አስቤ ነው አልልም፤ በጎ አላሰብኩም። ነገ ሃያ አንድ ነው። ይህን ሁሉ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። አፌ እንደ ልማዱ ከተሳሰረ፣ ከጎኔ ለምትቀመጠው ሰጥቻት ጮክ ብላ ታንብበው። ሌላውን ብትዘለው ግድ የለኝም፤ ይህችን ግን አትዝለል፦ ደብሬ ቀኑን አልረሳችም። ለእኔም አላስተላለፈችም። ጽዋዋን ጓዳዬ አስቀምጬ ተራዋን የወሰድኩባት እኔ ነኝ።