የኤልቫ ሬዲዮ ላይ የገባው ጩኸት

ከኤልቫ ቦስዊክ ጋር በአጥር ተጎራብተን ሃያ ስድስት ዓመት ሆነን። እንደሷ ተጠራጣሪ ሰው አላየሁም፤ ግን አይፈረድባትም። ከተማችን ኩልባሪን ባለው የስንዴ መረከቢያ ሠላሳ አንድ መከር ሙሉ ናሙና ስትወስድ ኖራለች። ገበሬው ደረቁን ስንዴ ከላይ ያለብስና እርጥቡን ከሥር ይደብቃል፤ እሷ ደግሞ ረጅሙን ብረት እስከ መኪናው ወለል ሰክታ ታወጣዋለች። "ከላይ ያለውንማ ማንም ያየዋል" ትላለች። ሰውንም የምትመረምረው እንደዚሁ ነው።

ጡረታ ከወጣች ወዲህ ሥራዋ አንድ ነው፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ባለው መቃኛ ሬዲዮ የእሳት አጥፊዎቹን ንግግር ማዳመጥ። እኛ ጋ እሳት የሚያጠፋው ገበሬውና ባለሱቁ ራሱ ነው፤ ታንከር የጫነ ፒክአፑን አስነስቶ፣ በሬዲዮ እየተጠራራ ይወጣል። አንድ ልጇ ግራንት፣ የከተማችን ብቸኛ ኤሌክትሪሻን፣ ከነሱ አንዱ ነው። ባለፈው በጋ ጭስ ውስጥ ገብቶ አርባ ደቂቃ ጠፋ። አሥራ አንድ ጊዜ በሬዲዮ ጠሩት፣ መልስ የለም። እሱ በሰላም ወጣ፤ እሷን ግን ልቧ ከድቷት ወለል ላይ ወድቃ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ከሆስፒታል እንደተመለሰች ኮቷን ሳታወልቅ ሬዲዮውን ከፈተችው።

ዘንድሮ መከር ሊጀመር ሲል ሬዲዮው ዝዝዝዝ ማለት ጀመረ። ቃል አይለይም። እሱም ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ ስትጠልቅ ይተዋል፤ ማለትም እሳት በሚነሳበት ሰዓት ሁሉ ይጮኻል። የኔ ዕድል ሆኖ በዚያው ሰሞን ጣሪያዬ ላይ የሶላር ሰሌዳ አስቀምጬ ነበር።

"ክሊቭ!" አለችኝ በአጥሩ ላይ። "ያንን ጉድህን አውርድልኝ!"

"የቱን ጉድ?"

"ጣሪያህ ላይ የሰቀልከውን! የልጄን ድምፅ ወሰድክብኝ እኮ!"

"ኧረ በፈጠረሽ! ገመዱ እንኳ አልተቀጠለም። ልጅሽ ነገ ነገ እያለኝ ነው።"

"ለማያውቅህ ታጠን!" ብላኝ ገባች።

በማግስቱ ሱቅ ብሄድ ባለሱቋ በጎን አየችኝ። "አንድ ነገር ቢደርስ ኃላፊነቱ ያንተ ነው አሉ" አለችኝ ዳቦዬን እየጠቀለለች። ደሜ ፈላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው! ቤቴ ተመለስኩና የኪስ መቃኛዬን ይዤ በሯን ደበደብኩ። ሙቀቱ አርባ ሁለት፣ ነፋሱ ብርቱ፤ እሳት ተፈርቶ አጨዳ የተከለከለበት ቀን ነበር።

"ነይ ውጪ! ዛሬ ይለይልን!"

መጀመሪያ የኔን ቤት ቆጣሪ አጠፋሁ። ጩኸቱ አልቆመም።

"ሌላ የደበቅከው ይኖራል" አለች።

የሷን አጠፋን። ሬዲዮዋ በባትሪም ስለሚሠራ ዝዝዝ እንዳለ ቀጠለ።

"አየህ? ከኔ ቤት አይደለም!" አለች ደረቷን ነፍታ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ራሴን ሳይቀር ጠረጠርኩ።

ከዚያ የኪስ መቃኛዬን አንቴና ነቀልኩት፤ ያለ አንቴና የቅርቡን ብቻ ነው የሚሰማው። አጥሬ ጋ ጩኸቱ ሳሳ። ወደ ቤቷ ሄድኩ፣ ወፈረ። የዝናብ ውሃ የምታጠራቅምበት ታንክ ጋ ስደርስ ጆሮ የሚበሳ ሆነ። ኤልቫ ከኋላዬ ተከተለችኝ።

ከታንኩ ጀርባ፣ የሬዲዮዋ አንቴና ገመድ በሚወርድበት፣ አንዲት ርካሽ፣ መብራት ስታገኝ ሬዲዮ የምታስጮህ ቻርጀር ከገመዱ ጋር በፕላስተር ተጠቅልላለች። መብራቷን የምታገኘው ከውሃ ፓምፑ ትንሽ ሶላር ነው፤ ቆጣሪ ብናጠፋ ባናጠፋ ምን ግዷ! ፕላስተሩ ሐምራዊ ነው። ያንን ሐምራዊ ኩልባሪን ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ኤሌክትሪሻናችን የጠገነው የኔ ፍሪጅ ገመድ ላይም አለ።

"ምናልባት..." ልል ስጀምር፣

"ዝም በል" አለችኝ። ስልኳን አወጣች። "ግራንት፣ ና።"

መጣ። ታንኩ ጋ መቆማችንን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

"እማዬ፣ ሐኪሙ ያለሽን ረሳሽው? ልብሽ ሁለተኛ አይችልም። እኔ ስጠፋ ቁጭ ብለሽ ከምትሰሚ፣ ምንም ባትሰሚ ይሻላል ብዬ ነው።" ወደኔ ዞረ። "አጎት ክሊቭ፣ ይቅርታ።"

"ይቅርታህን ለባለሱቋ ንገራት!" አልኩት።

ኤልቫ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አባትህ ትራክተሩ የተገለበጠበት ቀን" አለች፣ "ፖሊሱ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱን ሰዓት ምን ሳደርግ እንደነበር ታውቃለህ? እዚህ አጥር ላይ፣ ከዚህ ከክሊቭ ጋር ቆሜ ስስቅ። ሆዴን ይዤ! ባሌ እርሻ ላይ ሞቶ፣ እኔ እዚህ ጥርሴን እገልጣለሁ። አርባ ደቂቃው ሊገድለኝ ነበር ትላለህ? አርባውንም ደቂቃ ካንተ ጋር ነበርኩ። የገደለኝስ ያ ሳቅ ነው።"

ያን ቀን ያሳቅኳት ቀልድ ትዝ አለኝ። ታንኩን ተደገፍኩ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ትንፍሽ አላለችም።

ግራንት ቢላውን አውጥቶ ፕላስተሩን ቆረጠና ቻርጀሯን ነቀላት። ጩኸቱ ቀጥ አለ፤ ወዲያው ከወጥ ቤቱ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፦ በደቡብ በኩል፣ ገለባ ላይ፣ ጭስ ታይቷል። ግራንት እናቱን አያት።

"ምን ትገተራለህ? ሂድ!" አለችው።

ፒክአፑ አቧራውን እያስነሳ ወጣ። እሷ ገብታ ሬዲዮው ፊት ተቀመጠች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ልሂድ አልሂድ ጨነቀኝ።

"ኤልቫ፣ አብሬሽ ልቀመጥ?"

ሁለተኛውን ወንበር በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ።

"ተቀመጥ" አለች፣ ዓይኗን ከሬዲዮው ሳታነሳ። "ግን እንዳታስቀኝ።"