የረቡዕ ጧት ሰላምታ

ሐኪሙ ቻይናዊ ነው፤ ክሊኒኩ ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ፣ ከአንድ የቆርቆሮና ሚስማር መደብር ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው በቀላሉ የማምን ሴት አይደለሁም። "የቤት ሥራዬን ላም በላችብኝ" ሲባል ዕድሜውን የጨረሰ መምህር እንዴት አድርጎ ያምናል? ግን ቀኝ ክንዴ ከትከሻው ተቆልፎ ግንባሬ ጋ አልደርስ ካለ ወራት አልፈውት ነበር፤ ኪኒኑንም ቅባቱንም ጨርሻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ቀኝ እጄን በግራዬ እየደገፍሁ ሳማትብ ያየችኝ ልጄ ናት እየጎተተች ያመጣችኝ። ካላማተብሁ ምኑን ክርስቲያን ሆንሁት ብዬ እሺ አልኋት። ለማንኛውም ግን ጸበል ጠጥቼ ነው ከቤት የወጣሁት።

ግድግዳው ላይ የማላውቀው ፊደል የሞላበት ወረቀት በመስታወት ተሰቅሏል፤ ማኅተም አለው ወይ ብዬ መነጽሬን አድርጌ ፈተሽሁት። አለው፤ ግን ዛሬ ማኅተም የማያስቀርጽ ማን አለ? የምታስተረጉመው ወጣት ደግሞ ድሮ ያስተማርኋት ልጅ ሆና ተገኘች። ሐኪሙ የእጄን የደም ሥር በሦስት ጣቱ ይዞ ብዙ ከቆየ በኋላ አንድ ነገር አላት፤ "ቲቸር፣ ምላስዎን ያውጡ ነው የሚልዎት" አለችኝ አቀርቅራ። እስቲ አሁን ትከሻዬን ላለ ሰው ምላስ ምን ያደርግለታል! ይህችኑ ልጅ ምላሷን አወጣችብኝ ብዬ ከሰሌዳው ሥር አንበርክኬያት ነበር። አወጣሁ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ በሆዴ አስተኝቶ ትከሻዬ ላይ ብርጭቆ ለጣጠፈብኝ፤ የደረቀ ቅጠልም በእሳት ለኩሶ አጠገቤ ያዘው። ጭሱ አፍንጫዬ ሲደርስ ግን ክው አልሁ፤ እሳት ዳር የተሰጣ እርጥብ ጋቢን የሚመስል ይህን መራራ ሽታ አውቀዋለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጋፋት ያለው ቤታችን፣ አባቴ መደብ ላይ ተኝቶ እያለ ነው የሸተተኝ።

አባቴ ከጉና ገብስ ሸምቶ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ በቅሎ ጥላው ዳሌው ተጎድቶ ነበር። ወጌሻ አሸው፤ አልሆነም። በመጨረሻ ጎረቤታችን አያ ወርቁ ተጠሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የሚከናነቡ መድኃኒት አዋቂ። በቀንድ ዋገሙት፤ የቀንዱን ጫፍ በአፋቸው ስበው በሰም ሲደፍኑት የአባቴ ሥጋ ወደ ላይ ሲነሣ በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ከጨርቅ ቋጠሮ ቅጠል አውጥተው አጤሱበት፣ በማግስቱም አባቴ ያለ ደጋፊ ቁጭ አለ። ቅጠሉ ግን አለቀ። ረቡዕ ጧት ፀሐይ ሳትወጣ እርጥቡን ቆርጬ አመጣለሁ፣ ሰባት ቀን ይታጠንና ይድናል፣ አሉን።

መድኃኒት የሚቆርጥ ሰው ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ቃል አይተነፍስም፤ ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ ለዚያው በሽተኛም ዳግመኛ አይቆረጥለትም። እናቴ "አያ ወርቁን መንገድ ላይ ብታዩ ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ሰላም እንኳ እንዳትሏቸው!" ብላ ሁላችንንም አስጠነቀቀች። እኔ ግን ምንጭ ስንወርድ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ የሰማሁት ነበረኝ፤ ሥር ማሽ ነው፣ የላይ ሰፈሩን ሰውዬ አብልቶ የገደለው እሱ ነው፣ ንጹሕ ቢሆን የቅጠሉን ስም ለምን ይደብቃል? እናቴ ታምናቸዋለች፣ አባቴ ተኝቷል። እንግዲህ አባቴን የማድን እኔ ነኝ አልሁ።

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ አጥር ሥር ሆኜ ጠበቅኋቸው። እግራቸውን ጤዛ አርሶት፣ ቅጠሉን ይዘው ሲመለሱ ብቅ አልሁና እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብዬ "አያ ወርቁ፣ እንዴት አደሩ?" አልኋቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉኝ። ሮጬ ቀድሜ ደገምሁት፤ አሁንም አለፉኝ። በሦስተኛው ፍርሃቱ አሸነፈኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ የማስመሰል አልነበረም። ያን ጊዜ በርከክ ብለው ፊቴን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። "ምነው ልጄ? ማን አስለቀሰሽ?" አሉኝ። እንደተናገሩ ታወቃቸው። ቅጠሉን አዩት፣ አጥሩ ላይ ቀስ አድርገው አኖሩትና ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ለእናቴ "አልሆነልኝም" ብቻ አሏት፤ የኔን ስም አላነሡም። አባቴ ቆይቶ ተነሣ፣ ግን ዕድሜውን ሙሉ እያነከሰ ነው የኖረው፤ ሞፈር መጨበጥ ቀረና መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ። አያ ወርቁ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ "እንዴት ዋልሽ ልጄ?" የሚሉት ቀድመው እሳቸው ነበሩ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር! ቅጠሉን ለማንም ሳያሳዩ አረፉ። ባጃጅ የሚነዳውን የልጅ ልጃቸውን ብጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ።

ብርጭቆዎቹ ሲነቀሉ፣ አይነግረኝም ብዬ፣ ቅጠሉ ምንድን ነው አልሁት ሐኪሙን። ደስ ብሎት ሣጥኑን ከፈተ፤ ስሙን ነገረኝ፣ ጻፈልኝ፣ ጀርባው ነጣ ያለውን ደረቅ ቅጠል መዳፌ ላይ አኖረው፤ ይህን የመሰለ እናንተም አገር ሳይበቅል አይቀርም አለ በልጅቱ በኩል። የአያ ወርቁ ቅጠል ይሁን አይሁን ምዬ አልናገርም፤ ቀርቤ ያየሁት አንዴ ነው፣ እሱንም በእንባ። ሐኪሙንም ቢሆን ገና ጨርሼ አላመንሁትም።

ለሚቀጥለው ረቡዕ ቀጠረኝ። ከቤቴ እስከ ክሊኒኩ በእግሬ ሄድሁ፤ የደብረ ታቦር ሰው እኩሌታው ተማሪዬ ነውና ከሱቁም ከባጃጁም "ቲቸር፣ እንዴት አደሩ?" ይለኛል። ለአንዱም አልመለስሁም። "ምን ነካቸው? ኮሩ እኮ!" ሲሉ እየሰማሁ ከንፈሬን ነክሼ አለፍሁ፤ ልጄ አፍራ ልትሞት። ሐኪሙ ዝም በዪ አላለኝም፤ ቻይናም ይህ ሕግ አይኖር ይሆናል። አራት ረቡዕ እንዲሁ አደረግሁ፣ ከአራተኛውም በኋላ በመጣው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቀኝ እጄ ያለ ደጋፊ ግንባሬ ደረሰ። ጭሱ ይሁን፣ ብርጭቆው ይሁን፣ ዝምታው ይሁን፣ እንጃ። ልጄ እልል ስትል እኔ አለቀስሁ። ለክንዴ አራት ጧት ዝም አልሁለት፤ ለአባቴ አንዲት ጧት አቃተኝ።