እስከ ውርጌሳ ግማሽ ሊትር

ግሉኮስ በሰቀልኩ ቁጥር ቤንዚን ይሸተኛል። ወልዲያ በምሠራበት ክፍል ውስጥ ከአልኮልና ከበረኪና በቀር የሚሸት ነገር የለም፤ የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል። ጠርሙሱን ገልብጬ ከብረቱ ላይ ሳንጠለጥለው፣ በጎኑ ያሉት መስመሮች ከዓይኔ ትይዩ ሲሆኑ፣ ሽታው ከየት መጣ ሳልለው አፍንጫዬ ሥር ነው። ከሱ ጋር የመርሳ ፀሐይ፣ የጋለ ቆርቆሮና የተቃጠለ ዘይት አብረው ይመጣሉ።

ያኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ነርስ ነበርኩ። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ተመደብኩና የክትባት ሥራ ተሰጠኝ፤ ከሥራው ጋር አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ተረከብኩ። ከእኔ በፊት ሦስት ባለሙያ አገልግላለች። ቀይ ነበረች ይሉኛል፤ እኔ የደረስኩባት ግን ዝገቷ ቀለሟን ካሸነፈው በኋላ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ መቼ እንደቆመ እንኳ የሚያስታውስ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሴት ሞተር ስትነዳ ማየት ብርቅ ስለነበር በመርሳ ገበያ ሳልፍ ሰው ቆሞ ያየኝ ነበር። ምን እዋሻለሁ፣ መታየቱን ወድጄዋለሁ።

በወር አንድ ቀን ክትባቱን ማለዳ ከወልዲያ እቀበልና በረዶ ባለበት ሳጥን ይዤ፣ በመርሳ አልፌ፣ ግራናን ተሻግሬ አንዲት ቆላ ቀበሌ እወርዳለሁ። ሌሎቹን ቀበሌዎች በእግርም በመኪናም የሚደርስባቸው ሰው ነበር። ያችን ግን ከሞተር በቀር የሚደፍራት አልነበረም።

ነገሩ የከረረው ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ነው። ለአንድ ጉዞ የሚሰጠኝ ሦስት ሊትር ሆነ። ለሌላ ሞተር ሦስት ሊትር በቂ ነበር፤ የእኔዋ ግን ትጠጣለች። አንድ ቀን ግራናን ካለፍኩ በኋላ ተንተፋተፈችና ቀጥ አለች። ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ የቀረውን መንገድ በእግሬ ወረድኩት። ስደርስ በረዶው ውኃ ሆኗል። ሙቀት የነካውን ክትባት ለልጅ አልሰጥም ብዬ ሳጥኑን ከፍቼ ሳልጨርስ ዘጋሁት። አብዛኞቹ እናቶች ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። አንዲቱ ብቻ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር።

«ወላሂ አልተቀየምኩሽም» አለችኝ። «ግን ልጄን ይዤ ሁለተኛ እዚህ ፀሐይ ላይ አልቆምም።»

ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሲሰማ አልተቆጣም፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ እንጂ። «በሚቀጥለው የክትባት ጉዞ እንዲሁ ከሆነች ሞተሯን ወደ ወልዲያ እንመልሳለን፤ ቀበሌዋንም ከፕሮግራም እናወጣታለን» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሌለውን ቤንዚን ከየት ያምጣው?

መርሳ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩ አንድ መካኒክ ነበሩ። ፀጉራቸው ገና ያልሸበተ፣ ድምፃቸው ግን የሽማግሌ የሆነ ሰው። ሞተሯን አቁሜ «ጋሼ፣ ትጠጣለች» አልኳቸው። ሊነኳትም አልተነሡ።

«ትጠጣለች ማለት ስንት ነው?»

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር ነው እንዴ? በሽተኛ አተኮሰኝ ሲልሽ በእጅሽ ዳብሰሽ ትሸኚዋለሽ?»

 እሳቸው የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንሥተው አሠራሩን አሳዩኝ። ከራሳቸው ጀሪካን ልኩ የታወቀ ቤንዚን ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል፤ ጠርሙሱ ተገልብጦ ከመሪው ላይ ይሰቀላል፤ ከሱ ቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል። የታንከሯ ቤንዚን ተዘግቶ ለመመለሻ ይቀመጣል። ከዚያ ከመርሳ ተነሥቶ በደሴው መንገድ ወደ ቀጣይዋ ከተማ ወደ ውርጌሳ መንዳት ነው፤ ሞተሯ እስክትጠፋ። የጠፋችበትን ቦታ በአስፋልቱ ዳር ካሉት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች በአንዱ ላይ በቀይ ቀለም ነጥብ ያደርጋሉ። ቆጣሪ አያስፈልግም፤ መንገዱ ራሱ ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው ይሉ ነበር።

መስመር የሌለው ጠርሙስ ግን ሙያዬን ነካብኝ። በማግሥቱ ያለቀ የግሉኮስ ጠርሙስ ይዤላቸው መጣሁ፤ ግማሽ ሊትር፣ በጎኑ መስመር መስመር ያለው፣ ለመስቀያ የራሱ ቀለበት ያለው። ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። «እናንተስ ዕቃ አላችሁ» አሉ። ታቹን በጋለ መርፌ ለአየር በሱት። የግሉኮሱ ቱቦ ቤንዚን ሲነካው እንደ ጅማት ደርቆ ቀረ፤ እሱን ጥለው በቤንዚን ቱቦ ተኩት።

እሳቸው እየነዱ፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከመስመሮቹ ላይ ሳልነቅል ወጣን። ቤንዚኑ ወርቃማ ሆኖ ይናወጣል፤ ነፋሱ ሽታውን ፊቴ ላይ ይደፋዋል። ውርጌሳ ሳንደርስ ሞተሯ ጠፋች። ድንጋዩ ላይ ቀይ ነጥብ አደረጉና ተመለስን።

በየሙከራው መሐል የሚጠግኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከነካን የትኛው እንደጠቀመን አናውቅም ነው ነገሩ። አንድ ቀን አቧራ የጠጣውን የአየር ማጣሪያ አጠቡ፤ ወጣን፣ ነጥቡ ትንሽ ተገፋ። ሌላ ቀን ጎማዋን በልኩ ነፉ። ሌላ ቀን ካንዴላ ቀየሩ፤ ሰንሰለቷንም በራሱ ቀን አስተካከሉ። ጠዋት ሞተሯ ቀዝቅዛ ሳለ ለማስነሻ የሚሳበውን ቾክ ሳልመልስ እስከ መርሳ እንደምመጣ ሲሰሙ ደግሞ ራሳቸውን ያዙ። «በዚህ ሙቀት ጋቢ አልብሰሽ ነው የምትነጂያት?» አሉኝ። ትዕግሥት ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ፤ ሁሉንም ባንድ ቀን ለምን አንጨርስም እያልኩ እነጫነጭ ነበር። እሳቸው ግን ነጥባቸውን እየገፉ ቀጠሉ።

በመጨረሻ ውርጌሳን አለፍን። ሰው ከሚበዛበት ወጥተን፣ ቤቱ አልቆ እርሻው ሲጀምር፣ ከአንድ ድንጋይ አጠገብ ቀስ ብላ ቆመች። ነጥቡን አደረጉና ከመርሳ የያዝነውን ማንጎ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን በላን። እጃችን ቤንዚን ስለነካው ማንጎውም ቤንዚን ቤንዚን ይል ነበር። ከዚያ የጣፈጠ ማንጎ በልቼ አላውቅም።

የክትባቱ ቀን ከመድረሱ በፊት ሌላ ሥራ መጣ፤ የዘመቻ መድኃኒት በዚያው ሳጥን ጭኜ ከወልዲያ ግራና ማድረስ ነበረብኝ። ሙሉ ሦስት ሊትር ይዤ በኩራት ወጣሁ። ስመለስ መርሳ መግቢያ ላይ ቀጥ አለች። እየገፋሁ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ ቆርቆሮው ሥር ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ቁጥርዎ ዋሸኝ» አልኳቸው። ከታላቅ ሰው ጋር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

አልተቀየሙም። ጭቃ የነካውን እግሬን አይተው ውኃ ሰጡኝ፤ ከዚያ ጠየቁኝ። «ዛሬ ካንቺ ጋር የነበረ፣ ከእኔ ጋር ያልነበረ ምንድነው?»

«ሳጥኑ። ግን እሱ ስንት ይከብዳል?»

«እንጃ። እንጠይቃታለን።»

በማግሥቱ ሳጥኑን በውኃ ሞልተው ጀርባዬ ላይ አሳዘሉኝ። ግማሽ ሊትር ሰቅለን ወጣን፤ ውርጌሳን አለፍን፣ ከነጥቡ ትንሽ ብቻ ጎደለን። ተመለስንና ያንኑ ሳጥን እንደ ልማዴ ከሞተሯ ላይ እንዳስረው አደረጉ። ውርጌሳን ሳናያት ሞተሯ ጠፋች። ክብደቱ ያው፣ መንገዱ ያው፣ ነጂው ያው። ከሞተሯ ወረዱና «ፍቺና እንደገና እሰሪው፣ ልይሽ» አሉኝ።

አስተሳሰሬን እኮራበት ነበር። ክትባቱ እንዳይናጥ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ጥቁር ላስቲክ ሳጥኑን ሁለት ጊዜ እጠመጥመዋለሁ፤ ከዚያ በቀኝ በኩል አሳልፌ፣ እግሬን ጭኜ፣ ታች ካገኘሁት ቀጭን ብረት ጋር ወጥሬ እቋጥረዋለሁ። እስከምጨርስ ጠበቁኝ። የኋላ ጎማዋን ከመሬት አንሥተው በእጃቸው ገፉት። አንድ ዙር ሳይሞላ ቆመ። ላስቲኩን ፈትተው ገፉት፤ ዞረ፣ ዞረ፣ እኛ እያየነው ዞረ።

ያ ቀጭን ብረት የኋላ ፍሬን ዘንግ ነበር። ከወልዲያ እስከዚያች ቆላ፣ በየወሩ፣ ፍሬን ይዤ ነው የነዳሁት።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ መካኒኩ፣ ሳቃቸውን በእጃቸው ጀርባ እየጠረጉ። ፊቴን ሲያዩ ሳቁን ተዉት። ያቺ እናት ፀሐይ ላይ የቆመችው በእኔ ቋጠሮ ነው ብዬ አስቤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

«አብሽሪ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያጠበቅሽው ለሳጥኑ ብታስቢ ነው። ያላሰበ ሰውማ አላልቶ ያስር ነበር።»

ከጣሪያ ብረት ቆርጠው ከወንበሩ ኋላ ለሳጥኑ መቀመጫ በየዱልኝ። ላስቲኩን ለራሳቸው ወሰዱት፤ እኔ ዘንድ እንዳይቆይ ይመስለኛል።

የክትባቱ ዕለት ቀበሌዋ ስደርስ ፀሐይ ገና ከፍ አላለችም። የመጣ ሰው ጥቂት ነበር፤ የባለፈው ወሬ ቀድሞኛል። ያቺ እናት መጥታለች፣ ግን ራቅ ብላ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ታየኛለች። ስጠራት አልቀረበችም። ሳጥኑን ይዤ ሄድኩና ክዳኑን ከፈትኩላት። እጇን ሰደደች፤ በረዶውን ነካች፤ የራሰ መዳፏን የልጇ ግንባር ላይ አሳረፈች። «አልሐምዱሊላህ» አለችና መጀመሪያ እሷ ተቀመጠች። ሌሎቹ ከኋላዋ መጡ። ወደ ጤና ጣቢያው ስመለስ ታንከሯ ውስጥ ቤንዚን ይንቦጫረቅ ነበር፤ ኃላፊው ጆሮውን አስጠግቶ ሰማውና የሚቀጥለውን ወር ጉዞ ፈረመልኝ። ሞተሯ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አገልግላኛለች።

ዘንድሮ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ወልዲያ፣ የክፍላችንን በር ስከፍት መካኒኩ አልጋ ላይ ነበሩ። ከሲታ ሆነዋል፤ ፀጉራቸው አሁን ድምፃቸውን አክሎታል። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ፊቴን አይተው አወቁኝ። ክንዳቸውን ይዤ ደም ሥራቸውን ፈለግሁ፤ ጠርሙሱን ሰቀልኩ። ሲንጠባጠብ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ግማሽ ሊትር ነች?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የት ታደርሰኛለች?»

«ውርጌሳን ታሳልፍዎታለች» አልኳቸው።

«ፍሬን ካልያዘኝ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ላይ ግን ሳቅ ነበረ። እኔ የመድኃኒት ጋሪውን ይዤ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መቆም ነበረብኝ።

ሐኪሙ ወደ ደሴ ይሂዱ አለ። አምቡላንሱ ውስጥ አዲሱን ጠርሙስ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ተራዬ አልነበረም። ደሴ በገቡ በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶ መርሳ ሄድኩ። ከድንኳኑ ጥግ ልጃቸው አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አንድ ነገር አልገባት ብሎ ሰው ስትጠይቅ ሰንብታለች።

«ውርጌሳን እንዳለፍን አባቴ ቀና አርጊኝ አለኝ» አለችኝ። «በመስኮት የመንገዱን ድንጋይ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጠርሙሱን አየና፣ ገና አለው፣ ገና አለው አለኝ። እኔ የሚያየውን ባይ ባይ ምንም የለበትም፣ ባዶ ድንጋይ ነው።»

እውነቷን ነው። ቀይ ቀለሙ ከለቀቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። እኔም በዚያ መንገድ ስንቴ አልፌ የትኛው እንደነበር ጠፍቶብኛል፤ እሳቸው ግን ያውቁት ነበር። ሁሉንም ላስረዳት ፈልጌ ነበር።

«ሞተራችን የቆመችበት ቦታ ነው» ብቻ አልኳት።