በብልቃጥ ቅባት የታጣ ወንበር

ሮስቪታ ኬለርማን ዕድሜዋን ሙሉ ሲሊከንን ከብረት ጋር ስታጣምር ኖራ፣ ፕሮፌሰር ሳትባል ጡረታ ወጣች። «ምን አጥፍታ ነው?» የሚሉኝ አሉ። ጥፋቷን በገዛ አፏ ተናገረች፤ ሌላ ጥፋት የለባትም። ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ስሠራ ስለኖርኩ አውቃለሁ።

ሲሊከን አሸዋ ውስጥ ያለው ነገር ነው። እኛ ደግሞ እሱን ከካርቦንና ከብረታ ብረት ጋር አስተሳስረን፣ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር ለመሥራት ነበር የምንለፋው። የምንሠራው ነገር አየር ከነካው ስለሚበላሽ፣ አንዳንዱም ስለሚቀጣጠል፣ ሁሉም በታሸገ ብልቃጥ ውስጥ ይከናወናል። አየር እንዳይገባም የብልቃጡን አፍና ክዳን ቅባት እንቀባለን። ቅባቱ ራሱ የሲሊከን ዘር ነው፤ ሲሊኮን ይባላል። ከምንም ጋር አይጣላም ብለን ስለምናምን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

ጀርመን ገና ለሁለት ተከፍላ ሳለች፣ ሮስቪታ ፖታሲየም ከጨመረችበት ብልቃጥ ውስጥ ቀለም የለሽ ክሪስታል አገኘች። በኤክስሬይ ሲታይ ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ ቀለበት ሠርተዋል፤ ፖታሲየሙ መሐላቸው ተቀምጧል። ኦክስጅኑ ከየት መጣ ሲባል፣ ከማሟሟያው ፈሳሽ ነው ብላ ጻፈች። አለቃችን ፕሮፌሰር ብሬንድልም አመነ። ያን ሰሞን በዩኒቨርሲቲያችን እኛ «ወንበር» የምንለው የፕሮፌሰርነት ቦታ ተከፍቶ ነበር፤ ተወዳዳሪው በመራጮች ጉባኤ ፊት ስለ ሥራው ንግግር ያደርጋል። ሮስቪታ የምትናገረው ስለ ቀለበቱ ነበር። ቦታውን በጣም ትፈልገው ነበር።

በንግግሯ ዕለት ጠዋት ትልቅ የፕለም ኬክ ተሸክማ ገባች። በኛ ቤተ ሙከራ ኬክ የሚያመጣው ልደቱ የሆነ ሰው ነው፣ አለዚያም ያጠፋ ሰው። ብልቃጥ የሰበረ ያመጣል፣ ጋዝ ሳይዘጋ የሄደ ያመጣል። ልደቷ ደግሞ ገና ነበር።

«ምን ሰበርሽ ደግሞ? በኬኩ ስፋት ሳየው ሕንፃው ራሱ ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።

«ቅባቱ ነው፣ ሄይድሩን» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ያለ ቅባት በሚዘጋ ብልቃጥ ደገምኩት፤ ምንም የለም። ከዚያ ሆን ብዬ ቅባት ጨመርኩበት፤ እንደ ጉድ ወጣ። ፖታሲየሙ ቅባቱን እየበላው ነው፤ ኦክስጅኑም የመጣው ከሱ ነው።»

ብሬንድል ሊጎርስ የነበረውን ኬክ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው።

«ክሪስታሉ እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው።»

«ምስሉም እውነት ነው። ታዲያ ከየት እንደመጣ ዛሬ ማን ጠየቀሽ? መጀመሪያ ቦታውን ያዢ፣ ከዚያ ታርሚዋለሽ።»

«ከማሟሟያው ነው ብዬ ጽፌያለሁ እኮ ፕሮፌሰር።»

«እሺ፣ ወንበሩን ለተፎካካሪሽ አውጥተሽ ስጪው!»

«ኬኩን ይብሉት፤ ይደርቅብዎታል» አለችው።

ሄዳ ሁሉንም ተናገረች፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ «የቅባቷ ንግሥት!» ብሎ ጮኸ። የጉባኤው ሰብሳቢ፣ ሽማግሌው ፕሮፌሰር ዞሊንገር ብቻ አልሳቀም። ጨዋ ሰው ነው አልኩ በልቤ።

ካፖርታችንን ስንወስድ ዞሊንገር ኮሪደሩ ላይ ጠበቀን።

«ዶክተር ኬለርማን፣ ያ ነገር እኔም ጋ አለ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በወጣትነቴ ያገኘሁት ነው። ያኔ ምስል ማንሳት አልቻልንም፣ ሌላ ነገር ነው ብዬ አሳተምኩት። ወንበሬን ያገኘሁት በሱ ነው። ከቅባቱ የመጣ መሆኑ እርስዎ ሲናገሩ ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ገብተው ይንገሯቸው» አለችው። «በኔም ላይ የሚሳቀው ይቀልልኛል።»

«ጡረታ ልወጣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለና ተመልሶ ገባ።

ውሳኔው እስኪደርስ ሮስቪታ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ፖታሲየም ያን አይነኬ የተባለ ቅባት እንዴት እንደሚሰባብረው ማጥናት ጀመረች። በየጊዜው በሚታደስ ውል እየሠራች እስከ ጡረታዋ አልለቀቀችውም። ዛሬ ያረጀ ሲሊኮን መልሰው መጠቀም የሚፈልጉ ሰዎች ጽሑፎቿን ያነባሉ።

ያኔ ውሳኔው ሲመጣ አብረን አነበብነው። ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል። ምክንያቱ «በሙከራ አሠራር ላይ የታየ የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ከሥር የዞሊንገር ፊርማ አለበት።

ደሜ ፈላ። እስካሁንም አልበረደልኝም። «አሁኑኑ ሄጄ ጉዱን አወጣዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ሮስቪታ ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ተይው። እኔ የራሴን ተናግሬ ተገላግያለሁ፤ እሱ ግን የራሱን ይዞ ነው የሚያድረው።»