የአነሮች ሐኪም

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ የአጥሩን ቅንጭብ በገጀራ ሲጨፈጭፍ፣ የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት እደጄ ድረስ ሸተተኝ። ጉሮሮ የሚከረክር ጎምዛዛ ሽታ ነው። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል፤ እኔ ግን በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ። አዳማም ናዝሬት ከመባሏ በፊት የነበረችው፣ ከባቡር ጣቢያው እስከ ገበያው በአንድ ትንፋሽ ሩጫ የምታልቀው አዳማ ሆነች።

አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። የምንኖረው ከጣቢያው ጀርባ ነው። ወተት የሚያመጡልን አንዲት የአርሲ ባልቴት ነበሩ፤ እኛ ልጆች በኦሮምኛ «አኮ» እንላቸው ነበር፣ አያቴ እንደ ማለት። አኮ ወተቱን ሰፍረው ሲጨርሱ ባዶ ቅላቸውን አቅፈው ይቀመጡና ስለ አነሮች አገር ያወሩልናል። አነር ያ ዶሮ የሚሰርቀው ዥጉርጉር የዱር ድመት ነው። እሳቸው እንደሚሉት ከተራራው ወዲያ ሰው የማይደርስበት የአነሮች አገር አለ። ንጉሥ አላቸው፣ ሕግ አላቸው፣ ተዋግተው ሲቆስሉ የምታክማቸው አንዲት ሐኪም አለቻቸው። ሐኪሟ ቅጠል አኝካ ቁስሉ ላይ ትተፋበታለች፤ ሞተ የተባለው አነር በማግስቱ ተነሥቶ ለአደን ይወጣል።

እኛም ያንን አገር ከሰፈራችን በታች ወዳለው ደረቅ ወንዝ አመጣነው። የጣቢያው ልጆች አንድ ወገን፣ የገበያው ልጆች ሌላ ወገን ሆንን። የእኛ ንጉሥ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ታላቅ ወንድሜ ተሰማ ነበር። የእነሱ ደግሞ ከድር፣ የወሎዬው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ጨዋታ ስላችሁ ለስላሳ ነገር እንዳይመስላችሁ። የግራር እሾህ በጣቶቻችን መሃል እየሰካን ጥፍር እናበጅ ነበር። በዚያ ጥፍር ጀርባ ይተለተላል፣ ጉንጭ ይቀደዳል፤ ድንጋዩም እንደ በረዶ ይወርዳል። አንድ ልጅ ሁለት የፊት ጥርሱን እዚያ አሸዋ ውስጥ ትቶ ቀርቷል። ማታ ቤት ስንገባ «ወድቄ ነው» እንላለን፤ በመውደቃችንም ደግሞ እንገረፋለን።

እኔ ሐኪሟ ነበርኩ፤ ለሁለቱም ወገን። አኮ አንዲት ብቻ ናት ስላሉን፣ እኔን የሚነካ አልነበረም፤ እኔም የማላክመው አልነበረም። በእናቴ አሮጌ ሙዳይ እሬት፣ ግራዋ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም እይዛለሁ። ስሙን ለማላውቀው ቅጠል ሁሉ ስም አወጣለት ነበር፤ «የጨረቃ ምላስ»፣ «የንጉሥ ጺም» እያልኩ። ግራዋውን በድንጋይ ወቅጬ ደሙን አጥብበታለሁ፣ ከዚያ የእሬቱን ዝልግልግ እቀባለሁ። ጠላት የተባለ የገበያ ልጅ ጥርሱን ነክሶ እፊቴ ቁጭ ሲልና እጄ ሲያርፍበት ሲረጋጋ ይታወቀኝ ነበር። ከዚያ የበለጠ ክብር በዕድሜዬ አግኝቼ አላውቅም።

አንድ ቀን የገበያው ልጆች ተሰማን ብቻውን አገኙት። ከግራር ግንድ ጋር አስረው ጀርባውን ተራ በተራ ተለተሉት። ሲበቃቸው ከድር ሱሪውን አስወለቀና በገበያው መሃል ነድቶ ለቀቀው። ሻጭ ገዥው ሁሉ ሳቀበት። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጀ ጠባቡ ከደሙ ጋር ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ቀስ እያልኩ ሳላቅቀው አንድ ጠብታ እንባ አላወጣም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ቅንጭብ ቁረጪልኝ» አለኝ።

«ሐኪም ነኝ እኮ!»

«እህቴስ አይደለሽም?»

የጎረቤት ፍየል ዓይን በቅንጭብ ወተት መጥፋቱን፣ እናታችንም ወደዚያ አጥር እንዳንጠጋ ስንቴ እንደተቆጣችን አውቃለሁ። ነገር ግን ጀርባው እፊቴ ነበር። በማግስቱ የቅንጭቡን ጫፍ ጫፍ እየሰበርኩ ወተቱን በትንሽ ቅል አጠራቀምኩ። መድኃኒት መቀመም የለመደ እጄ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ከዚያ ውኃ ጨመርኩበት፤ ያቃጥለዋል እንጂ ሌላ ምንም አያደርገውም ብዬ ራሴን አሳምኜ ለተሰማ ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ደረቁ ወንዝ ውስጥ ተገናኙ። ድንጋይ ተወራወሩ፣ ተያያዙ፣ አሸዋው ላይ ተንከባለሉ። ከድር ተሰማን ከሥሩ አድርጎ እሾሁን ሊሰነዝር እጁን ሲያነሣ፣ ተሰማ ቅሉን ከጉያው አውጥቶ ፊቱ ላይ ደፋበት። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ከድር ዓይኖቹን በሁለት እጁ ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ እየተጋጨ ዞረ። ልጆቹ ሁሉ፣ የእሱም ወገን ጭምር፣ እግሬ አውጪኝ ብለው ተበተኑ።

«ሐኪሟን! ሐኪሟን ጥሩልኝ!» አለ።

ሄድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«አስካለ፣ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

ድምፄን ሲሰማ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ራሱን ጭኔ ላይ አሳረፍኩት። «ምንድን ነው የረጨብኝ? እሳት ነው! አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለኝ። ሙዳዬን ከፈትኩት። ያን ሁሉ ቅጠል አገላበጥኩ፤ ለዚህ የሚሆን አንድም አልነበረም። ተሰማ ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «አቧራ ነው በይው። ከተናገርሽ አባባ ይገድለኛል» አለኝ።

ከድርን በእጁ ይዤ፣ እየወደቀ እያነሣሁት፣ ዳገቱን ወጥተን እናቱ ሱቅ ደረስን። እናቱ እትዬ ዘይነባ የጨርቁን መለኪያ ዘንግ ጥለው ዘለው መጡ።

«ያ አላህ! ልጄን ምን አደረጋችሁት?»

«ቅንጭብ ነው እትዬ። የቅንጭብ ወተት። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

እስከዚያች ደቂቃ ከድር እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር። ለቀቀኝ።

እትዬ ዘይነባ ጊዜ አላጠፉም። ባለ ሱቆቹ በእንስራ ውኃ እያመጡ ዓይኑን አጠቡት፤ አንዲት አራስ ጎረቤት ተጠርታ መጥታ ጡቷን እያለበች ዓይኑ ውስጥ አፈሰሰችለት። ያን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ እኔ ዞረው በጥፊ ያጮሉኝ። ጆሮዬ እስከ ማግስቱ ይጮህ ነበር። ቤት ደግሞ አባቴ ተሰማን ትናንት በተተለተለው ጀርባው ላይ በጅራፍ ገረፈው፤ ጎረቤት ባይገላግል ኖሮ የሚተወው አልመሰለኝም። እኔን በርበሬ አጠኑኝ። ዓይኔ ሲቃጠል የጮህኩት የከድርን ስም ነበር ብላ እናቴ ነግራኛለች።

ከሳምንት በኋላ አባቴ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ የከድር አባት ደጅ ሄደ። ኩሩ ሰው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሳየው ከጅራፉ ይልቅ ያ አመመኝ። የከድር አባት ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለትና «ልጆች ናቸው፤ አላህ ያመጣው ነው» አሉ። የከድር ቀኝ ዓይን ዳነች። ግራይቱ ግን እንደ ጉም ነጥታ ቀረች። ወደ ደረቁ ወንዝ የተመለሰ ልጅ አልነበረም። ሙዳዬንም ከነቅጠሉ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ጣልያን መጣ። ተሰማ ጢም እንኳ በቅጡ ሳያበቅል ከዘማቾቹ ጋር ሄዶ እዚያው ቀረ። መርዶው የደረሰን ቀን ከድር ለቅሶ ቤታችን መጣ። ከወንዶቹ ጋር አልተቀመጠም፤ መጥቶ ከእኔ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሳይሸፍን አለቀሰ። የማታየው ዓይኑ ከምታየው እኩል ታለቅስ ነበር። ስለዚያ ቀን ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ሲነሣ ግን እጄን ያዘኝ።

ዛሬ ያ ደረቅ ወንዝ ቤት ተሠርቶበታል። የልጅ ልጆቼ ጉልበታቸው ሲላጥ ክሊኒክ ተወስደው በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ይመለሳሉ፤ ግራዋና ዳማከሴን ለይተው አያውቁም። እሰየው ነው። ጀርባቸው በእሾህ አይተለተልም፤ ያ ዘመን ይመለስ የምል ሞኝ አይደለሁም። ብቻ አንዳንዴ የዚህ ሰፈርና የዚያ ሰፈር ልጆች ድንጋይ ሲወራወሩ በመስኮት አይና፣ ከመሃላቸው አንዱ ሲፈነከት ሁለቱም ወገን የሚጠራው አንድ ስም ይኖር ይሆን እላለሁ። እኛ ነበረችን። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የከዳችንም አንድ ቀን ብቻ ነው።