የኋላውን በር የሚጠብቅ ጠመንጃ

ከኮምቦልቻ የወጣሁ ማታ የቤታችን በር አልተዘጋም። ሊዘጋው የሞከረም ሰው አልነበረም። ስንብቱን የሰማ ሁሉ «ቤቶች» እያለ ይገባል፤ እናቴ ማንነቱን ሳትጠይቅ ከጓዳ ሆና «ግቡ» ትላለች፤ ዱዓ ይደረጋል፣ ይበላል፣ ይለቀሳል፣ ከዚያ ሌላ «ቤቶች» ይመጣል። ሹፌሩ ከውጭ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቀው አንድ ሽማግሌ እጄን ይዘው ስለ አሜሪካ ብርድ ይመክሩኝ ነበር። እሳቸውም አሜሪካን አያውቋትም።

በማግስቱ ቦሌ ላይ ፈታሹ ከእጅ ሻንጣዬ ውስጥ የጥፍር መቁረጫዬን አውጥቶ፣ «ይሄ ስለት ነው። ለመንገደኛው ደኅንነት ሲባል አይገባም» አለኝ። ሳልከራከር ሰጠሁት። ስለ ደኅንነት ያገኘሁት የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። ሁለተኛውን ያገኘሁት አትላንታ ደርሼ ሲሆን፣ እሱም የጥፍር መቁረጫ በነጠቀችኝ ዓለም ጠመንጃ እንድመርጥ መታዘዜ ነበር።

አጎቴ ሰይድ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አትላንታ አጠገብ ኮንየርስ ውስጥ፣ መኝታው ፎቅ ላይ፣ ሳሎንና ኩሽናው ታች የሆነ ታውንሃውስ ተከራይቶ ይኖራል። እሱ በመኪናው ከኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ሌላው ጊዜውን ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኢስት ፖይንት መኪናውን አቁሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያሳልፋል። እኔ እዚያው ኮንየርስ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ከእኛ ጋር አያቴ ከድጃ አሉ፤ አጎቴ ነው «እናቴ አትለየኝ» ብሎ ያስመጣቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ተለይቷቸው ይውላል።

አያቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፣ መኪና አይነዱም፣ የሚሄዱበት ጎረቤት በእግር አይደረስም። ያላቸው የኩሽናው የኋላ በር ነበር። ወንበራቸውን ፊት ለፊቱ አድርገው፣ ቁልፉን ከፍተው ይቀመጣሉ። በሦስተኛው ቤት የምትኖረው ሮማን፣ ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ሆቴል ውስጥ የምትሠራ የጎንደር ልጅ፣ ከሥራ ባረፈች ቁጥር ሳሩን አቋርጣ «ቤቶች» ብላ ትገባለች። ሌሎችም ሁለት ሴቶች ነበሩ። የሚያወሩት ስለማያውቋቸው ሰዎች ጋብቻና ስለ ጉልበት ሕመም ነው። አያቴ እነሱ የመጡ ቀን እራት ይበላሉ፤ ያልመጡ ቀን «በልቻለሁ» ይላሉ።

አንድ ቀን የአንድ ጎረቤት መኪና መስኮት ተሰብሮ የጂም ቦርሳ ተወሰደ። ውስጡ ያላበው ካልሲ ነበር አሉ። አጎቴ ግን ያን ሳምንት ተሳፋሪ እየጠበቀ በስልኩ የጦር መሣሪያ ቪዲዮ ሲያይ ሰንብቶ፣ «ቤቱ ሴኪዩር አይደለም» ብሎ መጣ።

«ምን ልታደርግ?» አልኩት።

«ካርባይን ልገዛ፣ አጭር ጠመንጃ። አንተ ነገር ታጣራለህ፣ አጣራልኝ።»

ማጣራቴን አልክድም። የሩዝ መቀቀያችንን መመሪያ የስፓኒሹን ገጽ ሳይቀር ያነበብኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ የኪራይ ውሉን አነበብኩ፣ ከዚያ ወደ ሊዚንግ ኦፊስ፣ ወደ አከራዮቹ ቢሮ፣ ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ቀለም የተቀባ ጥፍሯን እያደረቀች ነበር።

«ቤት ውስጥ ጠመንጃ ማስቀመጥ ይፈቀዳል?» አልኳት።

«ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ነው?»

«አይ፣ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«እንግዲያው ችግር የለም። የማይፈቀደው ሚስማር ነው።»

«አያቴ ብርድ ልብስ በረንዳ ላይ ስላሰጡ ማስጠንቀቂያ ልካችሁልን ነበር።»

«አዎ፣ የግቢውን መልክ ያበላሻል።»

«ጠመንጃውስ?»

«ከውጭ አይታይማ» አለችኝ።

የጠመንጃ ሱቁ ሻጭ ጢሙ ደረቱን የነካ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። አጎቴን እንደ ሐኪም ጠየቀው። «የምትከላከለው ከማን ነው?»

«ከሌባ።»

«ስንት ሆነው ይመጣሉ?»

«አልነገሩኝም።»

ሻጩ አልሳቀም። አጭር ጥቁር ጠመንጃ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ መሐሉ ላይ ይታጠፋል፣ ተጣጥፎ የተማሪ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የሚተኩሰው የሽጉጥ ጥይት ነው፤ ዘጠኝ ሚሊሜትር። «ይሄ የቤተሰብ ነው» አለ። «ሚስትህም ትተኩሰዋለች።»

«ሚስት የለኝም።»

«እናትህስ?»

አጎቴ አሰበበት። «እናቴን ወገቧን ያማታል።»

«ወገብ አይነካም። ሪኮይሉ፣ ሲተኮስ ወደ ኋላ መግፋቱ፣ ትንሽ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ልክ ነበር። ተኩስ መለማመጃ ቦታ ተከራይተን ስንሞክረው ሰደፉ ትከሻ ላይ ተደግፎ የሚገፋው እንደ ሕፃን ነው። ለማወዳደር የተከራየነው ሽጉጥ እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ የወረቀት ዒላማውን ሳትኩት፤ በዚህ ግን ጥይቶቼን የሻይ ሲኒ ማስቀመጫ በምታክል ቦታ ላይ አሰባሰብኳቸው። ጥይቱ ከትልቁ ጠመንጃ ጥይት ይረክሳል፣ ስለዚህ ብዙ መለማመድ ይቻላል። አሠልጣኙ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ነገረን፤ ለመተኮስ እስክትወስን ጣትህ ከቃታው ውጪ ይሁን፣ ከዒላማህም ኋላ ምን እንዳለ እወቅ። አጎቴ የመጀመሪያውን እየደጋገመ ተለማመደ። ሁለተኛው የወረቀት ዒላማ ላይ አይለመድም፤ ከወረቀቱ ኋላ አፈር ብቻ ነው።

ቤት ስንመለስ ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ውጤቱንም ለአጎቴ ነገርኩት። ለልምምድ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለቤት ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ስልክ መያዝ፣ በር መክፈት፣ ሰው ማቀፍ አይቻልም። የደረጃው መታጠፊያ ላይ አፈሙዙ የእጅ መደገፊያውን ይመታል። ግድግዳችን ጂፕሰም ነው፤ ሚስማር የማይፈቀድለት ግድግዳ ደግሞ ጥይት አያቆምም።

«ዋናው ነገር ግን» አልኩት፣ «ከደረጃው እስከ የኋላው በር ቀጥ ያለ መስመር ብትስብ፣ በአያቴ ወንበር ላይ ያልፋል።»

አጎቴ ወደ ኩሽናው አየ። ነገሩ ከበደው። አሰበ፣ አሰበና፣ «ታዲያ ወንበሩን አንሳዋ» አለኝ።

አነሳሁት። ማቀዝቀዣው ጥግ አደረግኩት። እሱም ጠመንጃውን ገዝቶ ላይ ቤት፣ በጣት አሻራ በሚከፈት የብረት ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ወንበሩ ቦታው ነበር።

«እዚያ ሆኜ በሩ አይታየኝም» አሉ አያቴ።

«እማ፣ ለሴፍቲ ነው» አላቸው አጎቴ።

«ሴፍቲ ማናት?»

ይህ ሳምንቱን ሁሉ ቀጠለ፤ እሱ በሩን ቆልፎ ይወጣል፣ እሳቸው ይከፍቱታል፤ እኔ ወንበሩን አነሳለሁ፣ እሳቸው ይመልሱታል።

ከዚያ ረመዳን ገባ። አንድ ቀን መግሪብ ሲቃረብ አጎቴ ከሥራ ገብቶ ላይ ተኝቷል፤ ጾምና መንገድ አድክሞታል። እኔ ተምር እያጠብኩ ሾርባውን አማስላለሁ። የኋላው በር ተበርግዶ ግድግዳውን መታ። ሮማን ነበረች። ሁልጊዜ «ቤቶች» ትላለች፤ ያን ቀን ግን በሁለት እጇ ትሪ ስለያዘች በሩን በዳሌዋ ነው የገፋችው፣ የቤቷን ቁልፍ ደግሞ በጥርሷ ነክሳለች። አያቴ ሊስሟት ተነሡ።

ላይ ቤት የብረት ሳጥኑ የጣት አሻራ ተቀብሎ ጢጥ ሲል ሰማሁ። ዘወር ስል አጎቴ በካኒቴራና በሽርጥ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። የጥይቱ ካዝና ገብቷል። ሜትሬን ዘርግቼ የለካሁት መስመር ላይ አያቴና ሮማን ተያይዘው ቆመዋል።

ጣቱን አየሁ። ከቃታው ውጪ ነበር።

«አጎቴ፣ ሮማን ናት» አልኩ።

ቁልፉ ከአፏ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። «ሰይድ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሳምቡሳ ነው።» አጎቴ አልተንቀሳቀሰም። እሷም ትሪውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ አሳየችው። «ሥጋ የለበትም። ምስር ነው።»

ለእኛ ቤት ሁልጊዜ ምስር ነው የምታመጣው፤ እሷ ቤት የታረደ እንደማንበላ ታውቃለች። በዚያች ሰዓት በደሏን ስትፈልግ ያገኘችው ያንን ብቻ ነው መሰለኝ።

አጎቴ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አወረደ። «ሶሪ፣ ሮማንዬ። ሌባ መስሎኝ ነው።»

«ሌባ ሳምቡሳ ያመጣል?» አሉት አያቴ።

ሮማን አብራን አፈጠረች። ተምር በላች፣ ሳቀች፣ አጎቴን «ወታደሩ» አለችው። ስትቀመጥ ግን ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ደረጃው በሚታይበት በኩል ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ለአጎቴ ቴክስት ላከች፤ «የኋላው በር ጋ ነኝ፣ ልግባ?» እሱ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጫነ ነበር። መልእክቱን ያየው ሰውየውን ካደረሰ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ሮማን ሳሩ ላይ ቆማ፣ አያቴ ውስጥ በመስታወቱ «ግቢ» እያሉ በእጃቸው ይጠሯት እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ሮማን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም ብላቸው ሄደች። ቀጥሎ ሳህኑን ደጃፍ አስቀምጣ መሄድ ጀመረች። ነገሩን የሰሙት ሁለቱ ሴቶችም ቀሩ። አንዷን ሱቅ አግኝቼ ለምን እንደጠፋች ስጠይቃት፣ «ልጆች አሉኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

አጎቴ ውጤቱን ይወደዋል። «አየህ? ከገዛነው ወዲህ ማንም ቤታችን አልገባም» ይለኛል። ልክ ነው። እኔም ስለ መሣሪያው የሚጠይቁኝን የዌርሃውስ ልጆች እንደዚያው ነው የምላቸው፤ ይሠራል።

አያቴ አሁን ብዙ ጊዜ «በልቻለሁ» ይላሉ።

ባለፈው እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። አያቴም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አጎቴ ላይ ተኝቷል።

«ልጄ፣ ወደዚያው መልሱኝ» አሏት አያቴ።

«እማ፣ እዚህ እኮ ሌባው በዝቷል። በቀደም የእነ ሐዋ በግ ከነገመዱ ሄዷል።»

«እዚህ በር ቆልፎ ከሚጠብቀኝ፣ እዚያ በር ከፍቶ የሚሰርቀኝ ይሻላል።»

እናቴ ነገሩን ወደ እኔ አዞረችው። «አንተ ልጅ፣ ምን አድርጋችኋቸው ነው?» ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ከወዲያ፣ ከኮምቦልቻ ቤታችን ደጃፍ፣ የሴት ድምፅ በስልኩ መጣ።

«ቤቶች።»

እናቴ ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ «ግቡ» አለች። እዚህም አያቴ እኩል «ግቡ፣ ግቡ» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ወገባቸውን ይዘው ሄደው የኋላውን በር ከፈቱት። ሳሩን አዩ። ፓርክ የተደረጉትን መኪኖች አዩ። ከስልኩ ውስጥ እናቴና እንግዳዋ ሲሳሳሙ ይሰማል።

ላይ ቤት ሳጥኑ ጢጥ አለ።

«ማነው?» አለ አጎቴ።

«ተኛ፣ አጎቴ» አልኩት። «ማንም አልመጣም።»