ላለፈ ውድድር የተደረገ ዱዓ

እግሬን የሰበረኝ ሴራሚክ ነው። የአጎቴ ልጅ ውጫሌ ላይ አዲስ ቤት ሠርታ ለምርቃቱ ጠራችን። ወለሉ ፊት ያሳያል እየተባለ ሲወራለት ስለከረመ፣ እኔም ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በካልሲ ገባሁ። ገና ሳሎኑ መሐል ሳልደርስ ከጣሪያው ጋር ተያየን። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የተመለከተው ሴራሚኩ ተሰንጥቆ እንደሆነ ነው ብል ዘመዶቼ ይቀየሙኛል፤ ግን ያየሁትን አልክድም።

ደሴ ወስደው በጀሶ አሳሰሩኝ። ጀሶው የተፈታ ቀን ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አጥንቱ መግጠሙን አሳየኝና፣ ከዛሬ ጀምሮ ርገጪበት፣ ያልተረገጠበት እግር እየሰነፈ ይሄዳል አለኝ። እሺ ብዬው ወጣሁ። ሐይቅ ስመለስ ግን አልረገጥኩም። በክራንች እየተንጠለጠልኩ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ አልጋ ሆነ ኑሮዬ። እግሬን መሬት ላሳርፍ ባልኩ ቁጥር ያ ወለል ከሥሬ ሲሄድ ይሰማኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል፤ መልሼ አነሳዋለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያው ከአባቴ የወረስኩት ነው፤ መኪናውም የሱ ነው፣ በእግር የሚመታ። የሰው ጨርቅ በየፌስታሉ ተጠቅልሎ አጠገቤ ተቀምጧል። ባለቤቶቹ መጀመሪያ "አላህ ያሽርሽ" እያሉ ታገሡ፤ ኋላ አንድ በአንድ እየመጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሠርግ ደረሰብን እያሉ ጨርቃቸውን ይወስዱ ጀመር። እናቴ ፌስታሉን ታቀብላቸዋለች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ፈሪ መሆኔን የሚነግረኝ ሰው አልፈለግሁም፤ አውቀዋለሁ።

በኛ ሰፈር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ደግ ልማድ ነው፣ ለጤነኛ። ጠያቂ ሁሉ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ከብርቱካኑ ጋር ደግሞ እግሩ ተሰብሮ ያልዳነ የአንድ ሰው ታሪክ። አንዷ የአክስቷ ልጅ እንዴት አንክሳ እንደቀረች ትነግረኛለች፤ ሌላው አጥንት አንዴ ከተሰበረ ብርድ ሲመጣ ዕድሜ ልክ ይጠዘጥዛል ይለኛል። ከዚያ "አብሽሪ" ብለውኝ ይወጣሉ። እንዴት እንደምበሽር አላህ ይወቀው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና፣ አፍ ለማስያዝ ብዬ ስልኬን ፔርሙዙ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ስለ ስብራት ስፈልግ ስልኩ በራሱ ጊዜ ያመጣልኝ ነበር፤ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ከአሥራ አምስት ዓመት የማትበልጥ፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተተች የምትጨፍር፣ ከዚያ ድንገት ወደ ላይ ተነሥታ አየር ላይ የምትሾር። እኔ ካልሲ ለብሼ የወደቅሁበትን ነገር እሷ ባለ ስለት ጫማ አድርጋ በፈቃዷ ትሄድበታለች። ያን ቀን ስለ አጥንት ያወራ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ሁለት ሰዎች ብርቱካን ሳይዙ፣ ለቪዲዮው ብለው መጡ። አንዷ ጎረቤታችን ናት፤ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ፣ እትዬ የምላት፣ ምላሷም እንደ ዕቃዋ የሚያቃጥል ሴት። ሌላው መሪጌታ ናቸው። በሐይቁ ዳር ካለው ገዳም ዘመናቸውን ሙሉ ዝማሜና ከበሮ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ካባቸውን ዕድሜ ልኩን የሰፋላቸው አባቴ ነበር፤ እሱ ካለፈ በኋላ እኔ። አዲሱ ካባቸው ከፌስታሎቹ በአንዱ ውስጥ ነው። አልወሰዱትም፤ ነገሩን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

እትዬ የቪዲዮውን ወለል ሴራሚክ ነው ብላ ድርቅ አለች። በረዶ ነው ስላት አላመነችም። መሪጌታ ግን የአምባሰል ደገኛ ስለሆኑ በረዶ ሲባል ባቄላቸውን ያጨደባቸው ነገር ነው ትዝ የሚላቸው፤ ሰው በሱ ላይ ቆሞ መጨፈሩ አስገረማቸው። የልጅቷ ስም ለአፋቸው አልመች ስላላቸው እትዬ "ቀጮዋ" አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጮዋ የቤታችን ልጅ ሆነች።

ጠብ የመጣው በነጥብ ነው። በአንዱ ቪዲዮ ላይ ቀጮዋ ወድቃ ተነሣች፤ ሌላዋ ልጅ ሳትወድቅ ጨረሰች፤ ነጥቡ ሲወጣ ቀጮዋ በለጠች። ልጃችን ብትሆንም እትዬ ፍርድ ተጓደለ አለች፤ ዳኞቹ ጉቦ በልተዋል አለች። መሪጌታ ስለ መውደቋ አልተጨነቁም። የሳቸው ቅሬታ እግሯ ከሙዚቃው መቅደሙ ነበር፤ እሳቸው ዘንድ እግሩ ከከበሮው የቀደመ ተማሪ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውን ማንበብ ያዝኩ። ከዓለም ዳር እስከ ዳር ያለ ደጋፊ በዚሁ ነገር ይጨቃጨቃል፤ ስልኩ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ግማሹ እንቆቅልሽ ይሆናል፣ ግማሹ ግን ይገባል። ለካ እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው። ከባዱን ዝላይ ሙሉውን ዞራ ብትወድቅ ይቀነስባታል እንጂ ዋጋው ጨርሶ አይጠፋም። ቀላሉን ሳይወድቁ ከመዝለል አንዳንዴ ከባዱን ሞክሮ መውደቅ ይበልጣል ማለት ነው። እትዬ ይህን ስትሰማ፣ ነገሩን እንደተቀበለችው በሚገልጽ ቃና፣ እንግዲያውስ ይቀንሱ ግን አያብዙት አለች።

እንዲህ እያልን የአንድ ትልቅ ውድድር የመጀመሪያውን ቀን አየን። ቀጮዋ አልቀናትም፤ ወደ ኋላ ቀረች። የሚቀራት ሁለተኛው ቀን፣ ረጅሙ ጭፈራ ነበር። የኢንተርኔት ጥቅሌ ስላለቀ ለዓርብ ቀጠርኳቸው። እትዬ ስትወጣ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ "እሷ ከቆመች አንቺም ትቆሚያለሽ፤ ልቤ ነግሮኛል" አለችኝ። ሳቅ ብዬ ሸኘኋት፣ ከአልጋዬ ሳልነሣ።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር። እናቴ ለእግሬ ዱዓ እንዲያደርጉልኝ ዱበርቲዎቹን፣ የሰፈሩን ትልልቅ እናቶች፣ ጠርታ ነበር። ጠዋት እነሱ ሳይመጡ ጥቅል ሞልቼ ሁለተኛውን ቀን ብቻዬን ከፈትኩት። ገና የመጀመሪያው ዝላይ ላይ ቀጮዋ በጎኗ ወደቀች፤ በረዶው ላይ ተንሸራትታ ግድግዳው ሥር ደረሰች። ስልኩን ዘጋሁት። ለማታውቀኝ ልጅ እንዲህ መደንገጤም አናደደኝ።

ዱበርቲዎቹ መጡ። እጃቸውን ዘርግተው ያ ረቢ አሉ፣ የዚችን ልጅ እግር አጽናላት አሉ፣ አሚን ተባለ። ይሄኔ እትዬ ከጥግ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ያቺንም ነገ የምትዘለዋን ልጅ አደራህን አትጣላት አለች። እናቶቹ ሁሉ አሚን አሉ። የማን ልጅ ናት ብሎ የጠየቀ የለም፤ ዱዓ ላይ አይጠየቅም። እኔ ብቻ አሚን ማለት አቃተኝ። ውድድሩ ያምናው ነው። እነሱ ስላልጠየቁኝ እኔም አልነገርኳቸውም ነበር እንጂ፣ ቀጮዋ ከወደቀች ዓመት አልፏታል።

ከዚያ በኋላ እትዬ ሱቋን ዘግታ ስታልፍ በመስኮት ብቅ እያለች፣ ጨፈረች ወይ ትለኛለች። ኔትወርክ የለም እላታለሁ። ኔትወርክ በኛ አገር የማይጠረጠር ሰበብ ስለሆነ ለጥቂት ቀን አገለገለኝ። መሪጌታ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ መጥተው፣ ከእናቴና ከእትዬ መሐል ተቀምጠው፣ ትንሽ ፊቴን አዩና በዝግታ፣ "ልጄ፣ ወድቃለች መሰለኝ" አሉኝ።

ነገርኳቸው። መውደቋንም፣ ውድድሩ ያምና መሆኑንም፣ ዱዓው ላለቀ ነገር መደረጉንም አንድ ላይ አወጣሁት። እንደ መሳለቅም አደረገኝ፤ የከፋኝ ጊዜ እንዲህ ያደርገኛል። እትዬ ከልቧ አዘነች። ያ ሁሉ አሚን የት ገባ አለች፤ ወደኔ ሳይሆን ወደ እግሬ እያየች።

እናቴ በነጥብ ክርክር ገብታ አታውቅም። እስከዚያ ቀን ድረስ ቪዲዮውን የምታየው ሽንኩርት እየላጠች በጎን ነው። አሁን ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"አላህ ዘንድ አምና ዘንድሮ አለ እንዴ? እኛ ዛሬ የምንለምነውን እሱ አምናም ያውቀው ነበር። ክፈችው።"

ከፈትኩት። ቀጮዋ ገባች፣ ሙዚቃው ጀመረ፣ ተነሣች፣ ወደቀች። ይኸው አላልኳችሁም ብዬ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እትዬ አንጓዬን ያዘችኝ።

"ተይው፤ ሙዚቃው አላለቀም።"

እውነትም አላለቀም ነበር። ቀጮዋ ግድግዳው ሥር ብዙ አልቆየችም፤ ቀሚሷ ላይ በረዶው እንደ ዱቄት ተለጥፎባት ተነሣች። የቀሩትን ዝላዮች አንዳንዱን አሳምራ፣ አንዳንዱን እያዘነበለች ጨረሰች። መሪጌታ እግሯ ከሙዚቃው ገጠመ ብለው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ጀመር። መጨረሻው ላይ፣ አፏን ከፍታ እየተነፈሰች፣ ቀላል ዝላይ ይቀራታል ተብሎ በሚጠበቅበት ቦታ ያንኑ የጣላትን ዝላይ ደገመችው። እናቴ "ቢስሚላህ" ስትል ሰማኋት። ቀጮዋ ወረደች፣ ተንገዳገደች፣ በአንድ እግሯ ቆመች። ያን ሳላይ ነው ወድቃለች እያልኩ ቀን ስቆጥር የከረምኩት።

ነጥቡ ሲወጣ ትልቅ አልነበረም። ከመሐል ትንሽ ከፍ ብላ ጨረሰች እንጂ ሜዳሊያ አላገኘችም። እትዬ ዳኞቹን እንደለመደችው ወረደችባቸው። እኔ አስተያየቶቹን እያነበብኩ፣ ጭፈራው ሊያልቅ ሲል የሚዘለል ዝላይ ከመጀመሪያው ይልቅ ትንሽ ጭማሪ ነጥብ እንዳለው ነገርኳቸው። ሰውነት ደክሞ ስለሚዘለል ነው የሚል ተጽፏል። መሪጌታ ደግ ሕግ ነው አሉ። ያወጣው ሰው ራሱ የደከመው መሆን አለበት አሉ። እትዬ ግን ጭማሪው አነሰ፣ ዱዓው ደርሶ ሳለ ዳኞቹ ናቸው የቀነሱት እያለች ነጠላዋን አንስታ ተነሣች። መሪጌታም መቋሚያቸውን ያዙ።

ተናደድኩ። በእትዬም በዳኞቹም አልነበረም። አንዲት ልጅ እግር ዓለም ሁሉ እያያት የወደቀችበትን ዝላይ ስትደግም፣ እኔ በእናቴ ቤት፣ በደረቅ ሊሾ ላይ፣ የገጠመ እግር አንጠልጥዬ መቀመጤ አንገበገበኝ። ፈርቼም ነበር፤ ፍርሃቱ የትም አልሄደም።

"ቆዩ፣ ልሸኛችሁ" አልኩ።

ክራንቹን በአንድ ብብቴ ያዝኩ፤ የታመመውን እግሬን ግን አወረድኩት። ሊሾው ቀዘቀዘኝ። ወለሉ የሚሄድ መሰለኝ፤ አልሄደም። ክብደቴን ጣልኩበት። አመመኝ፣ ግን ሕመሙ የስንፍና ነው እንጂ የስብራት እንዳልሆነ ታወቀኝ። እናቴ ከኋላዬ እጇን ዘርግታ ትከተለኛለች፣ ሳትነካኝ። ደጃፉን ወጣን፤ ግቢውን ጀመርነው።

ሽኝት በኛ አገር ሥርዓት አለው። እንግዳው ጥቂት እንደሄደ ዞር ብሎ ይበቃሻል፣ ተመለሺ ይላል። ሸኚው ግድ የለም፣ ትንሽ ልሂድ ይላል። ይህን ሳይባባሉ መለያየት ነውር ነው፤ ለጤነኛ ሰው እንኳ ይባላል፣ እንኳን ለበሽተኛ። እትዬና መሪጌታ ከፊቴ ስለ ነጥቡ እየተከራከሩ ይሄዳሉ፤ እርምጃቸው ግን የኔን ያህል ቀርፋፋ ነበር። የግቢውን በር አለፍን። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። መንገዱ ላይ ስንወጣ አሁን ዞር ብለው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ እየረገጥኩ፣ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ተመለሺ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።